በደብተሬ የተጠቀለለው ኦቾሎኒ

ጫት የያዘ ሰው እጁ የገባውን ወረቀት ሳያነብ አይጥልም። ይህን ያወቅሁት ገና ልጅ ሆኜ፣ ጭሮ መናኸሪያ በር ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጬ ኦቾሎኒ ስጠቀልል ነው። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ከእናቴ ሁለት ሦስት ጥቅል ይገዛሉ፣ ወደ በርጫቸው ይሄዳሉ። እዚያ ተደግፈው እየቃሙ ኦቾሎኒው ሲያልቅ ወረቀቱን ዘርግተው ያነቡታል። የሳይንስ ደብተር ይሁን የሒሳብ ፈተና ግድ የላቸውም። በማግስቱ ደግሞ እናቴ ጋ መጥተው ይቀልዳሉ።

«አንቺ፣ ትናንት የሸጥሽልኝ ልጅ እኮ ሰነፍ ነው! ከዐሥር ሁለት ነው ያገኘው።»

«አንተስ ስንት ነበር የምታገኘው?» ትላለች እናቴ፣ ቀና እንኳን ሳትል።

መናኸሪያ ላይ እንዲህ መላሽ ነበረች። ሾፌሩም ረዳቱም ተሸካሚውም ምላሷን ይፈራሉ። ቤት ስትገባ ግን ነጠላዋን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ስትሰቅል ምላሷንም አብራ የምትሰቅለው ይመስለኝ ነበር። አባቴ የሚላትን ሁሉ የምትመልሰው በሁለት ቃል ነው፤ «አንተ እንዳልክ።»

እናቴ ማንበብ አትችልም። ለመጠቅለያ የሚሆነንን ያረጀ ደብተር ከጎረቤት ልጆች እንሰበስባለን፣ ማድ ቤት ጥግ ባለው ማዳበሪያ ውስጥ እናጭቃለን። እናቴ ከላይ ከላዩ እያነሳች ትቀድዳለች፤ ወረቀቱን እንደ ቀንድ ትጠመዝዝና ሥሩን አጥፋ አንድ እፍኝ ትሞላበታለች። ምን እንደተጻፈበት አታውቅም፤ ማወቅም አያስፈልጋትም ነበር።

እኔ መናገር የሚከብደኝ ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁት እጄን አላወጣም፤ አስተማሪ ሲጠራኝ አንገቴን እደፋለሁ። አባቴ ፊትማ ይብስብኛል። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው መጻፍ የጀመርኩት፣ ከኅብረተሰብ ደብተሬ ኋላ ባልተጻፈበት ግማሽ ላይ። የምጽፈው በሐምራዊ እስክሪብቶ ነበር። እስክሪብቶውን የሰጠኝ አባቴ ራሱ ነው። የገለምሶ መስመር ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ አንድ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ረስቶት ወርዶ ነው ያገኘው። «እንኪ፣ ከለሩ የሴት ነው» ብሎ ወረወረልኝ። በጭሮ ከእኔ ሌላ በዚያ ቀለም የሚጽፍ ሰው አላውቅም ነበር።

የምጽፈው ትልቅ ነገር አልነበረም። ቤታችን ውስጥ ያየሁትን ነው። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል።

«ዛሬ እማዬ ለሰባት ሰው ምሳ አቀረበች። ሁሉም ተቀምጠው በሉ። እሷ ማድ ቤት ቆማ ከትሪው የተረፈውን በላች። ለምን አትቀመጪም አልኳት። ከተቀመጥኩ አልነሳም አለች።»

ሌላው ደግሞ እንዲህ ይላል። «ወንድሜ ድሬዳዋ ኮሌጅ ሲሄድ በግ ታረደ። እኔ ሚኒስትሪ አለፍኩ ብዬ ስናገር አባዬ ጎበዝ አለኝና ጫማውን እንድጠርግለት ሰጠኝ።»

ከሁሉም ገጾች ግን አንዱ ልጽፈው የማይገባኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ኦቾሎኒ ስትቆላ አጠገቧ ነበርኩ። ኦቾሎኒ በአሸዋ ነው የሚቆላው፤ አሸዋው ብረት ምጣዱ ላይ ሲንሿሿ ውጭ ያለ ሰው የምናወራውን አይሰማም። ምናልባት ለዚያ ይሆናል የነገረችኝ። እንዴት እንዳገባች ጠየቅኋት። ፊቷን ከብረቱ ሳታነሳ አወራችልኝ።

«መቻራ እያለን ነው፣ ያንቺን ዕድሜ ሆኜ። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ቤታችን ሰው ሞልቶበታል። የማን ሠርግ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ሳቁብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንስራውን ከጀርባዬ አወረዱልኝ።» አሸዋውን አማሰለች። «አባትሽ መጥፎ ሰው አይደለም። ግን ጠይቀውኝ ቢሆን እምቢ እል ነበር። ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ።»

አልናገርም አልኳት። አልተናገርኩምም። በዚያው ቀን ግን ጻፍኩት። መጻፍ መናገር አይመስለኝም ነበር።

ስምንተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ሽማግሌዎች መምጣት ጀመሩ።

የላካቸው ሰው ሚኤሶ ነው የሚኖረው። ሁለት አይሱዙ መኪና አለው፤ ማሽላና ፍየል ይጭናል። እናቴ ጋ ኦቾሎኒ ሊገዛ ሲመጣ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሠላሳን ካለፈ ቆይቷል። በሁለተኛው ቀን ጥቅሉን ከእጄ ሲቀበል፣ «ይቺ ልጅ አፍ የላትም እንዴ?» አለና ሳቀ። እናቴ፣ «አንተን የሚበቃህ ኦቾሎኒው ነው» አለችው። እሱ ግን አፍ የሌላት ልጅ መሆኔን ሳይወደው አልቀረም።

በመጀመሪያው ቀን የመጡት ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። አንዱ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ አባባ ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ያልሸመገሉበት ጉዳይ የለም። ሁለተኛው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። ሦስተኛው ከሚኤሶ የመጣው የሰውየው አጎት ነው። አባቴ እንደ ልማዱ «ከዘመድ ልማከር» ብሎ ሸኛቸው። በሁለተኛውም እንደዚያው አለ። ያ የወግ ነው፤ የፈለገ አባትም ቢሆን ቶሎ እሺ አይልም። ሦስተኛው ግን የመጨረሻው ነው። በሦስተኛው እሺ ከተባለ ሽማግሌዎቹ ተነስተው ይመርቃሉ፣ የሠርጉም ወር ይቆረጣል።

አባቴ እሺ እንደሚል አውቅ ነበር። በየቀኑ ቀድሞ የማይለውን ይል ጀመር። «ሚኒባስ የሰው ነው፣ ሁሌ የሰው። ሰውዬው ከሁለቱ አይሱዙ አንዱን ንዳ ብሎኛል። የዘመድ መኪና መንዳት ሌላ ነው።» እናቴ «አንተ እንዳልክ» ትላለች። እኔ ጓዳ ሆኜ የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ ስንት ቀን እንደቀረው በጣቴ እቆጥራለሁ።

ፍራቻ ሲይዘኝ ደብተሬ አስጨነቀኝ። ፍራሼ ሥር ነበር የማስቀምጠው። አባቴ የልደት ካርዴን ሲፈልግ ፍራሾቹን ሁሉ አገላበጠ፤ ያን ቀን ለጥቂት ተረፍኩ። ቦታ መቀየር ነበረብኝ። አሰብኩና የሠራሁት ብልጠት አሁን ድረስ ያሳፍረኛል። ደብተር የሚደበቀው ደብተር መሀል ነው ብዬ ማድ ቤት ያለው ማዳበሪያ ታች፣ ከሁሉም ሥር ከተትኩት። እናቴ ሁልጊዜ ከላይ ስለምታነሳ እስከ ታች ለመድረስ ወራት ይፈጅባታል ብዬ ነው።

ሦስተኛው ቀን እሑድ ሆነ። ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ተመለስን። እናቴ ቤቱን ስትጠርግ፣ እኔ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽና መደገፊያ ሳነጥፍ ረፈደ። ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው መጡ፤ አባቴም የራሱን ከገለምሶ ያስመጣውን አቀረበ። በእኛ አገር ትልቅ ነገር ያለ ጫት አይነጋገሩበትም። እኔ ጆግና ብርጭቆ ይዤ ወጣ ገባ እላለሁ። ያም ወግ ነው፤ ልጅቷ ስታስተናግድ መታየት አለባት።

«ኦቾሎኒ አምጪ!» አለ አባቴ ከሳሎን።

ማድ ቤት ስገባ ትሪው ተዘጋጅቷል። ስድስት ጥቅል ተደርድሮበታል። አንዱን ሳየው ሐምራዊ ነው። ሁለተኛውን አየሁት፤ ሐምራዊ ነው። ስድስቱም የእኔ ጽሑፍ ናቸው።

ማዳበሪያው መሬት ላይ ተገልብጦ ነበር።

«እማ... ይሄን ወረቀት ከየት አመጣሽው?» አልኩ።

«ዘይት ፈሶበት የላዩ ሁሉ ተበላሸ። ለእንግዳ እንዲህ ያለ ወረቀት አይቀርብም ብዬ ከታች ንጹሑን አወጣሁ» አለች። ኩራት ይሰማባታል። ለእኔ ሽማግሌዎች ንጹሕ ወረቀት መርጣ ነው።

የኔ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። የቱን ገጽ እንደቀደደችው አላውቅም፤ ያን ገጽ ከሆነስ? የጻፍኩባት መሆኑን ስታውቅ ምን እላታለሁ?

«በሳህን ይሻላል» አልኩና አንዱን ጥቅል ፈትቼ ገለበጥኩት። የወንድሜ በግ ነበር። ወረቀቱን ጨብጬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። ሁለተኛውን ፈታሁ። ሦስተኛውን ስፈታ ግማሹ መሬት ላይ ተበተነ።

«ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለች እናቴ።

«የት ቀረች ይቺ ልጅ!» አባቴ የጓዳውን መጋረጃ ገልጦ ብቅ አለ። «እስኪ ቶሎ በይ፤ ሰው ይጠብቃል።» መጋረጃውን እንደያዘ ቆመ። ከፊቱ ሌላ ጥቅል መፍታት አልቻልኩም። ሳህኑንና የቀሩትን ሦስት ጥቅሎች በትሪ ይዤ በእጁ ሥር አለፍኩ።

ነጩ አባባ አንድ ጥቅል አነሱ። የሚኤሶው አጎት አንድ አነሳ። ልብስ ሰፊው ከሳህኑ ዘገነ። ሦስተኛውን ጥቅል አባቴ ወሰደ። እኔ ጆጉን ይዤ በሩ መቃን ጋ ቆምኩ። እስኪያሰናብቱኝ እዚያ መቆም አለብኝ። ሌላ ቀን ቶሎ ልቀቁኝ ብዬ የምጸልይበት ቦታ ነው፤ ያን ቀን ግን ማንም ቢያባርረኝ የምንቀሳቀስ አልነበርኩም። ዓይኔ ከሦስቱ እጆች ላይ አልነቃነቅ አለ።

እየቃሙ ስለ መንገዱ አወሩ፣ ስለ ሚኤሶ ድርቅ አወሩ። አንድ አንድ ፍሬ እያወጡ ይቆረጥማሉ። ጥቅሎቹ እየሳሱ መጡ።

መጀመሪያ የጨረሰው አጎትየው ነው። ወረቀቱን ዘረጋ፣ አራቀው፣ አቀረበው። «መነጽሬን ሚኤሶ ረስቼ መጣሁ» አለና ለልብስ ሰፊው ሰጠው። «እስቲ አንብብልኝ፤ ባዶ አፍ ከመቀመጥ።»

ልብስ ሰፊው ጮክ ብሎ አነበበ። «ዛሬ እማዬ ለሰባት ሰው ምሳ አቀረበች። ሁሉም ተቀምጠው በሉ። እሷ ማድ ቤት ቆማ...»

«ከተቀመጥኩ አልነሳም» የሚለው ጋ ሲደርስ ሁሉም ሳቁ።

«የማን ልጅ ናት ይቺ?» አለ አጎትየው። «እንዲህ የምትጽፍ ልጅ ያለችበት ቤት እኔ ምሳ አልበላም!»

«እኔማ ወረቀቱን እንዳልወስደው» አለ ልብስ ሰፊው፤ «ሚስቴ ካነበበችው ከዛሬ ጀምሮ ቆሜ የምበላው እኔ ነኝ።»

አባቴም ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው። ለእኔ ያ ሳቅ ከቁጣ ይከፋ ነበር፤ ገና አላወቀም ማለት ነው።

ነጩ አባባ ግን አልሳቁም። የሳቸውን ወረቀት ከፍተው እያነበቡ ነበር። ከቆምኩበት የገጹን አናት አየሁትና የቱ እንደሆነ ገባኝ። «ሽማግሌዎች መጡ። ስለ እኔ ሲያወሩ ሻዩ ሁለት ጊዜ ተፈላ። አንዳቸውም ስሟ ማነው ብለው አልጠየቁም» ይላል።

ቀስ ብለው ቀና አሉ። አዩኝ። ጆጉን አዩ፤ መልሰው ፊቴን አዩ።

«ለመሆኑ፣ ልጄ» አሉ፣ «ስምሽ ማነው?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የገዛ ስሜን መናገር አቃተኝ።

አባቴ ተሽቀዳድሞ ስሜን ነገራቸው። «ዓይን አፋር ናት» ብሎም ጨመረ፣ እንደ ጥሩ ዕቃ እያመሰገነኝ።

«ይሻላል!» አለ አጎትየው። «ይቺ ኢንተላ ለቤት የተፈጠረች ናት።» ኢንተላ ያለው ልጅቷን በኦሮምኛ ነው።

ነጩ አባባ ወረቀቱን በአራት አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱ። ሌላ ምንም አላሉም። አባቴ ግን የሳቸውን እጅ ተከትሎ ወረቀቱ ወደ ኪስ ሲገባ አየ፤ ቀለሙን አየ። ከዚያ የገዛ እጁን አየ። የቀሩትን ሁለት ፍሬዎች መዳፉ ላይ አራግፎ ጥቅሉን ፈታ።

አባቴ ሲያነብ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማረው፤ ቃል በቃል ነው የሚሄደው። ከከንፈሩ ላይ አብሬው አነበብኩ። መቻራ። ውኃ ቀድታ ስትመለስ። የማን ሠርግ ነው። ከዚያ ከንፈሩ ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ አንዱን መስመር ደግሞ አነበበው። ፊቱ መልኩን ሲቀይር አየሁ፤ መጀመሪያ ቀላ፣ ኋላ ደግሞ አመድ ሆነ። ጆጉ በእጄ ላይ ከበደኝ።

አጎትየው ጊዜው ሄደ ብሎ መሰለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ወንድማችን፣ ይሄ ሦስተኛችን ነው። ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ቃልህን ስጠንና መርቀን እንነሳ።»

አባቴ ወረቀቱን እንደያዘ፣ «አንቺ!» ብሎ ተጣራ። እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ የሚታዘዝ ነገር ፍለጋ ትሪውን እያየች።

«ልጅቷን ስጡን ብለዋል» አላት። «ምን ትያለሽ?»

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሳሎን ተጠይቆ አያውቅም። ልብስ ሰፊው ጫቱን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ማኘኩን አቆመ።

«አንተ እንዳልክ» አለች እናቴ። ሳታስብ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ከአፏ ወጣ።

ያን ጊዜ ያለቀልኝ መሰለኝ።

«እኔ እንዳልኩማ እኔ አውቀዋለሁ» አለ አባቴ። ድምፁ ሸካራ ነበር። «አንቺን ነው የጠየቅሁት።»

አጎትየው ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «ወንድሜ፣ አንተ ሾፌር አይደለህም እንዴ? ቤትህንስ ማነው የሚነዳው?»

እናቴ ግራ ገብቷት አባቴን አየችው፣ ከዚያም በእጁ ያለውን ወረቀት አየች። ማንበብ አትችልም። ሐምራዊውን ቀለም ግን ታውቃለች፤ ማድ ቤት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ስንት ቀን አይታኛለች። ወደ እኔ ዞረች። አንገቴን ደፋሁ። ይቅርታ የምጠይቅበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ምን እንደቀደደች፣ ምን እንደጻፍኩ፣ አባቴ ምን እንዳነበበ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የተረዳች መሰለኝ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከእጇ ነው፤ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ያዘችው።

ከዚያ ለአባቴ ሳይሆን ለነጩ አባባ ተናገረች።

«አባባ፣ ልጄ እኔ እንደመጣሁት አትሂድብኝ።»

ያችን ብቻ ነው ያለችው። ድምፅዋ የቤት ድምፅ አልነበረም፤ የመናኸሪያዋ ነበር። ተናግራ እንደጨረሰች ተመልሳ አልገባችም። እንደ እኔው ቆመች፣ በሌላኛው መቃን በኩል።

አባቴ ወረቀቱን አጣጥፎ መዳፉ ውስጥ አስገባው። «ከዘመድ ልማከር» አለ።

«ሦስተኛ መጥተን?» አጎትየው ተነሳ። «በሦስተኛ ከዘመድ ልማከር ይባላል?»

«ተብሏል» አሉ ነጩ አባባ። ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። «ሰምተናል፤ ተነሱ እንሂድ።» በአጠገቤ ሲያልፉ በስሜ ጠርተው «ደኅና ዋዪ» አሉኝ። አጎትየው የተረፈውን ጫት ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። ማንም አልመረቀም።

በሩ እንደተዘጋ አባቴ ወደ እኔ መጣ። እንደሚመታኝ ጠብቄ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመታኝም።

«የቀረው የት አለ?»

ከማዳበሪያው ያልተቀደደውን ደብተር አመጣሁለት። ከደረቴም የተጨበጡትን አወጣሁ። ሁሉንም ወስዶ ከሰሉ ላይ አደረጋቸው። ሐምራዊ ቀለም ሲቃጠል እንደ ማንኛውም ወረቀት ነው። «ትምህርት ያስተማረሽ ይሄን ነው? የእናትሽን ገመና ለኦቾሎኒ መጠቅለያ?» አለ። «አይሱዙውም ቀረ፤ አንቺም ቀረሽ። ከእንግዲህ ትምህርት የሚባል በዚህ ቤት እንዳልሰማ።»

ስለ እናቴ የተናገረው እውነት ነበር።

አራቱ ቀን አለፈ። እናቴ ሁለት ጊዜ ስለ ምዝገባው አነሳችበት፤ ሁለቴም ሳይሰማት ወጥቶ ሄደ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ኦቾሎኒ ስንቆላ፣ «አንዱን አገኘሁልሽ፤ ሁለተኛውን አልቻልኩም» አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ብረቱ አጠገብ ስንቀመጥ ስለ ራሷ ምንም አላወራችልኝም። ዘጠነኛ ክፍል ከማጣቴ ይልቅ ያ ነበር የሚያቃጥለኝ። ጓደኞቼ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በመናኸሪያው ሲያልፉ ፊቴን ወደ ኦቾሎኒው ሳፋ አዞር ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ አሁንም አለ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አላገኘሁም።

የሚኤሶው ሰው በዚያው ዓመት ሌላ አገባ። አባቴ የሰው ሚኒባስ እየነዳ ቀጠለ። ከእናቴ ጋር አይጣሉም፣ አያወሩምም። ያን ቀን መዳፉ ውስጥ ያስገባውን ወረቀት ግን ከሌሎቹ ጋር አብሮ አላቃጠለውም። ይህን ያወቅሁት ጃኬቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ነው። የኦቾሎኒ ዘይት የጠጣ፣ በእጥፋቱ ላይ የሳሳ ወረቀት ነው። ጃኬቱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ወረቀቱን ወደ ቦታው መለስኩት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በአንድ እሑድ ረፋዱ ላይ ነው። እናቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ኦቾሎኒ በሰፌድ ታበጥራለች፤ እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ ጠጠር እለቅማለሁ። አባቴ ከገለምሶ ያመጣውን ጆንያ ከትከሻው አወረደ። ሌላ ጊዜ አውርዶ ይወጣል። ያን ቀን ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

«እውነት ነው?» አላት።

«ምኑ?»

«የጻፈችው።»

«እኔ ማንበብ አልችል። ምን እንደጻፈች በምን አውቃለሁ?»

«ጠይቀውኝ ቢሆን እምቢ እል ነበር ብላለች ይላል።»

የሰፌዱ ድምፅ ቆመ። እኔ ጠጠር የያዘ እጄን ዘጋሁ።

«ብያለሁ» አለች እናቴ።

አባቴ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ከመቻራ ያመጣት ዕለት ገና ረዳት ነበር፤ እሱንም ማን እንደጠየቀው አላውቅም፣ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። «አሁንስ?» አላት።

«አሁንማ ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ ጠየቅሁሽ። ይኸው፣ እየጠየቅሁሽ ነው።»

እናቴ ሰፌዱን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አነሳችው፤ ገለባው ብን ብሎ ሄደ፣ ፍሬው ተመልሶ ወደቀ።

«እንግዲያው ቆይ» አለችው፣ «ከዘመድ ልማከር።»

አባቴ ሊስቅ ፈልጎ ሳቁን ዋጠው። ተነስቶ ልብሱን አራገፈና ወጣ። በሩን ካለፈ በኋላ ግን ሲስቅ ሰማነው። እናቴ አላየችኝም። «ምን ትገተሪያለሽ፣ ጠጠርሽን ልቀሚ» አለችኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት፣ አሸዋው ሲንሿሿ፣ ስለ መቻራ ቤታቸው አወራችልኝ።

አሁን አዲስ ደብተር አለኝ፤ እስክሪብቶው ግን ሰማያዊ ነው። እናቴ ማዳበሪያው ውስጥ ካለው ደብተር አንዱንም ሳታሳየኝ አትቀድድም። ገጹን ገልጣ ፊቴ ትደቅንና፣ «ይሄ የማን ነው? ምን ይላል?» ትለኛለች። የሳይንስ ነው እላታለሁ፤ የሒሳብ ነው እላታለሁ። ይህን ሁሉ የጻፍኩትም አስፈቅጃት ነው። ሳነብላት ሁለት ቦታ አስደገመችኝ፤ አንድ ቦታ ላይ «ይሄንንማ ተዪው» አለችኝ፤ ተውኩት።

አባቴ አንዳንድ እሑድ ጆንያውን ሲያወርድ፣ «ዘመድ ተገኘ?» ይላታል።

«ገና እየፈለግሁ ነው» ትለዋለች።